ጋቢናው ይናገራል

(የስፖርት መኪና ወንበር፣ መሪና ክሩስኮት አጭር ታሪክ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ? አታውቋቸውም። ከእኛ የአንዳችን አጎት ናቸው፤ ሁላችንም ግን "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ከገቡ ጀምሮ እንጀራቸው የሰው መኪና ማቆም ነው። በዚያች ከተማ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤቶች ሐበሻ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ቁልፍ የሚቀበላችሁ ሰው "ደህና ዋላችሁ?" ቢላችሁ እንዳትደነግጡ። የጋሼ የራሳቸው መኪና አሮጌ ቶዮታ ነው። ግን ፖርሽ፣ ፌራሪ፣ ጃጓር፣ ኮርቬት፣ ያልነዱት የለም። ችግሩ እያንዳንዱን የነዱት ከበሩ እስከ ምድር ቤቱ፣ ቢበዛ መቶ ሜትር መሆኑ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ደንበኛ የስፖርት መኪናውን ሲረከብ የሹፌሩ ወንበር ግራ ጠርዝ ተልጦ አየና "ይሄ ሰውዬ ነው የላጠብኝ" አለ። ጋሼ ሲናደዱ እንግሊዝኛው ይጠፋባቸዋል። አለቃቸው ደግሞ ከደንበኛ ጋር ክርክር አይወድም። ነገሩ በአሥር ደቂቃ አለቀ፤ ሒሳቡ ከጋሼ ደመወዝ ተቆረጠ።

"የተላጠው እኮ የዚያን ቀን አይደለም!" ይላሉ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ሲያወሩት። "የዛሬ ጭረት ጠርዙ ሹል ነው፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። ያ ግን ጠርዙ ለስልሶ፣ መሃሉ ጠቁሮ፣ ላብና አቧራ ጠጥቶ ነበር። የዓመታት ሥራ ነው። ግን ማን ያንብበው?"

ማን ያንብበው? እኛም ይህቺን ጥያቄ ይዘን ሄድን። የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ ስለ ሞተር ነው፤ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ውድድር፣ ስለ ዋንጫ። ሰውየው የተቀመጠበትን ማንም አያነሳም። የሰው ገላ ግን ከሞተሩ ጋር አይነካካም። የሚነካካው ከወንበሩ፣ ከመሪው፣ ከማርሹ እጀታና ከበሩ ጋር ነው። የባለቤቱ ታሪክ የሚጻፈውም እዚያ ነው።

ቆዳ ለሹፌሩ፣ ጨርቅ ለጌታው

ዛሬ "ወንበሩ ቆዳ ነው" ሲባል ዋጋው እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን። ድሮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መኪኖች አካል የሠሩት ሠረገላ ሠሪዎች ናቸው። በሠረገላ ላይ ነጂው ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ ጌታው ውስጥ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የተሠሩ ትልልቅ የቅንጦት መኪኖችም ይህንኑ ሥርዓት ወረሱ፤ ሹፌሩ ቆዳ ላይ፣ ጌታው ምርጥ የሱፍ ጨርቅ ላይ። ቆዳ ለሹፌሩ የተሰጠው ለክብሩ አልነበረም። ዝናብ ሲመታው ተወልውሎ ስለሚደርቅ ነው።

የስፖርት መኪና ሲመጣ ጌታውና ሹፌሩ አንድ ሰው ሆኑ። ጣሪያውም ቢሆን ከሸራ ያልዘለለ ነገር ነበር። ስለዚህ ቆዳው ከሹፌሩ ጋር ወደዚህ ቤት ገባ። ከጦርነቱ ማግስት፣ ከ1945 እስከ 1949፣ 10,000 ያህል የተሠራውን የእንግሊዙን ኤምጂ ቲሲ ውሰዱ። የአካሉ አጥንት እንጨት ነው፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ የጎን መስኮቱ ተነቃቃይ ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ ዝናብ አያጣም። የዚህ መኪና ባለቤት የውስጡን ንጽሕና መጠበቅ ማለት ከሰማይ ጋር መታገል ነበር።

በዚያ ዘመን ከተፈጠሩት ብልሃቶች ሁሉ እኛን የገረመን የወንበር ሸራው ነው። ወንበሮቹን ከላይ እንደ ክዳን የሚሸፍን ሸራ ሲሆን መሃሉ ላይ ዚፕ አለው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ዚፑን ከፍቶ የራሱን ጎን ብቻ ይገልጣል፤ የጎረቤቱ ወንበር እንደተሸፈነ ይቀራል። ውጤቱ ምንድን ነው? ሁለቱ ወንበሮች በአንድ ቀን ተሠርተው በተለያየ ዕድሜ ያረጃሉ። የአንዱ ወንበር ቆዳ ተሰነጣጥቆ የሌላው ለጋ ሆኖ ብታገኙ፣ ያ መኪና "ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ብቸኛ ነበር" እያላችሁ ነው።

ጃጓር በ1948 በለንደኑ የመኪና ትርኢት ኤክስኬ120ን ሲያቀርብ ደግሞ ቆዳ የዝናብ መከላከያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ጌጥም ሆነ። ከቆዳው ጀርባ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ይገኛል፦ ኮኖሊ። በ1878 ለንደን ውስጥ በሁለት ወንድማማቾች የተጀመረ ቤት ነው። ለሮልስ ሮይስ፣ ለጃጓር፣ ለአስተን ማርቲን፣ ባሕር ተሻግሮም ለፌራሪ ቆዳ ያቀርብ ነበር። የቆዳ ፋብሪካው በ2002 ተዘጋ። የድሮ መኪና ወዳጆች ግን ዛሬም ስሙን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ጓንትም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። የሹፌር ጓንት ፋሽን ከመሆኑ በፊት ሥራ ነበረው። የእንጨት መሪ በላብ ይንሸራተታል፤ ላብ ደግሞ የእንጨቱን ቫርኒሽ ቀስ በቀስ ይበላል። ጓንቱ እጅን ከመሪው፣ መሪውንም ከእጅ ይጠብቃል። እዚህ ላይ እኛም ድርሻ አለን። ለጓንት የሚፈለገው ቀጭን ሆኖ የማይቀደድ ቆዳ ነው፤ በዚህ በዓለም ገበያ ስማቸው ከሚነሳ ቆዳዎች አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ነው። ኤምጂውን ባንነዳውም በጉ ከመሪው ሩቅ አይደለም።

እግር ማስገቢያ ያጣው መርሴዲስ

በየካቲት 1954 ኒው ዮርክ ላይ መርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስኤልን አሳየ። በሮቹ እንደ ወፍ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት መኪና ነው። ሰው ሁሉ በሮቹን ያደንቃል። በሮቹ ግን ለውበት አልነበሩም። የመኪናው አጥንት ከቀጫጭን የብረት ቱቦዎች የተሠራና በጎን በኩል ከፍ ብሎ የሚያልፍ ስለነበር የተለመደ በር ማስገቢያ ቦታ ጠፋ። በዚህ ምክንያት የበሩ ደፍ ከፍ ያለና ሰፊ ሆነ።

ታዲያ ሰው እንዴት ይግባ? መሪው ወደ ታች እንዲታጠፍ ተደረገ። ሰውየው መጀመሪያ ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ያስገባል፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ይንሸራተታል። ከ1954 እስከ 1957 ከተሠሩት 1,400 መኪኖች አንዱን ያገኘ ሰው ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ደፉ ላይ ነው። በሌላ መኪና ደፍ ጫማ የሚነካው ቦታ ነበር፤ እዚህ ግን ሁለተኛ ወንበር ሆነ። ሱሪ፣ ቀሚስ፣ ቀበቶ፣ ሁሉም በእሱ ላይ ይፈገፈጋል።

ትምህርቱ ለሁሉም የስፖርት መኪና ይሠራል። መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር ሰው አይገባበትም፤ ይወድቅበታል። ወንበሩ ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ገላን አቅፎ እንዲይዝ ጎኑ ላይ ያበጠ ክንፍ አለው። ወድቀን ስንገባ የምናርፈው በዚያ ክንፍ ላይ ነው፤ ስንወጣም ክብደታችንን የምንጥለው በእሱ ላይ ነው። መሪው በግራ በሆነበት አገር ግራው ክንፍ፣ በቀኝ በሆነበት ቀኙ ያልቃል። ጋሼን ያስቆረጣቸው ጠርዝ ይኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚያደርሰው ጉዳት አይደለም፤ የመኪናው ቅርጽ ራሱ በየቀኑ የሚጠይቀው ግብር ነው።

"አይበላሽም" የተባለው ዘመን

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ቆዳውን ከመንከባከብ እንክብካቤ የማይፈልግ ነገር ብናመጣስ? በ1953 የወጣው የመጀመሪያው ኮርቬት 300 ብቻ ተሠራ፤ ሁሉም ነጭ፣ ውስጣቸው ቀይ። ወንበሩ ቪኒል፣ ማለትም ለስላሳ ፕላስቲክ ነበር። በ1954 የኒው ዮርኩ አስመጪ ማክስ ሆፍማን ርካሽ መኪና ስጡኝ ብሎ ሲወተውት ፖርሽም ስፒድስተርን አወጣ። ዋጋው ከ3,000 ዶላር በታች እንዲሆን ውስጡ ተራቆተ፤ ቀላል ወንበር፣ ቀላል ሸራ፣ ሌላ የለም።

ቪኒል በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይጸዳል። ቡና ቢፈስበት አይጠጣም። "የማይበላሽ" ተባለለት። ያልተነገረው ነገር ይህ ፕላስቲክ በተፈጥሮው ደረቅ መሆኑ ነው። ለስላሳ የሚያደርገው በውስጡ የተጨመረ ዘይት መሰል ነገር ነው። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲግል ያ ነገር በትንሽ በትንሹ ተንኖ ይወጣል። አዲስ መኪና ውስጥ የሚሸተን ሽታ ከፊሉ እሱ ነው፤ የፊት መስታወቱን ከውስጥ የሚያደበዝዘው ስስ ቅባትም እሱ ነው። ዘይቱ ሲያልቅ ክሩስኮቱ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ አንድ ቀን ከመሃሉ ይሰነጠቃል። ቆዳን የሚገድለው ሰው ሲሆን ቪኒልን የሚገድለው ፀሐይ ነው። ቆዳ የሚያልቀው ሲነዱት፣ ክሩስኮት የሚያልቀው ሲያቆሙት።

ፋብሪካዎቹ ግን አላረፉም። በ1970 የጃፓኑ የቶሬ ኩባንያ ተመራማሪ ሚዮሺ ኦካሞቶ ከእጅግ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ፣ ከፋይ የመሰለ አዲስ ነገር አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጣሊያን ውስጥ አልካንታራ የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመ። አይንሸራተትም፣ አያንጸባርቅም፣ ቀላል ነው። የስፖርት መኪና ሠሪዎች ወደዱት፤ መሪ ላይ ሳይቀር አለበሱት። የእጅ ወዝ ግን ፀጉሩን አስተኝቶ ያጣብቀዋል። ጥቂት ዓመት ሲያገለግል መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ እንደ በግ ጭራ ይድቦለቦላል።

ፌራሪ በ1987 በኤፍ40 የወሰደው መንገድ ግን ከሁሉም ይለያል። የሚቆሽሽ ነገር ካለ አውጡት! ምንጣፍ የለም፣ ራዲዮ የለም፣ ከውስጥ በር የሚከፈተው እጀታ ሳይሆን ገመድ ተስቦ ነው። ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ከመሞቱ በፊት ያያት የመጨረሻ አዲስ መኪናው ይህቺ ናት። እሷም ብትሆን ወንበር አላት፤ ወንበሯም ክንፍ አለው። ከግብሩ አላመለጠችም።

የሚያጣብቀው ቁልፍ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመጣው ስህተት ግን ከሁሉም ያስቃል፤ ባለቤቶቹን ያስለቅሳል። የጣሊያን ፋብሪካዎች ፕላስቲኩ ሲነካ እንዲለሰልስ ብለው የአየር ማቀዝቀዣውን ቁልፎች፣ የመስኮት ማዘዣዎችን፣ የመሃል ሰሌዳውን እንደ ጎማ በሚለሰልስ ቀለም ቀቡ። ፌራሪ ኤፍ355 እና 360 ሞዴና የዚህ ሰለባዎች ናቸው። ያ ቀለም እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይፈርሳል፣ ይቀልጣል፣ እንደ ማር ያጣብቃል። ሚሊየነሩ ሰውዬ በመኪናው መስኮት ሲከፍት ጣቱ ጥቁር ይሆናል!

የዚህ ታሪክ አስቂኝነቱ፣ መኪናቸውን ሸፍነው ጋራዥ ያስቀመጡ ሰዎችም ከዚህ አለማምለጣቸው ነው። ያልተነዳ፣ ያልተነካ መኪናም ያጣብቃል። ብዙዎች በአልኮል ፈግፍገው ሲያነሱት በቁልፉ ላይ የተጻፈው ምልክት አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የቱ ማሞቂያ፣ የቱ ማቀዝቀዣ እንደሆነ በግምት ነው።

የጋሼ ትምህርት ቤት

ይህን ሁሉ ለጋሼ በስልክ ስንነግራቸው ሳቁ። "ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሃያ ዓመት መቀመጥ ነው" አሉን። እሳቸው እንደነገሩን እናስቀምጠው።

የመጀመሪያው ነገር አቀማመጥ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ግፉ፣ መሪውን ሳትይዙ መጀመሪያ ቂጣችሁን መሃሉ ላይ አሳርፉ፣ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አስገቡ። ስትወጡም ክንፉን አትጫኑት። የኋላ ኪስ ውስጥ ቁልፍ አይኑር። አዲስ ሰማያዊ ጂንስ ለብሳችሁ ነጭ ቆዳ ላይ አትቀመጡ፤ ቀለሙ ይተላለፋል፤ ከቆየ ደግሞ አይለቅም።

ሁለተኛው አቧራ ነው። ቆዳን የሚበላው ቆሻሻው ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው አሸዋ ነው፤ እያንዳንዱ መንሸራተት ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ አቧራውን በማሽን ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት፣ ከዚያ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ሳሙናው ለዘብ ያለ፣ ውኃው ጥቂት። ቆዳ በባሕርይው ትንሽ ወደ አሲድ ያዘነብላል፤ የልብስ ሳሙና ዱቄት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ስፌቱንም ያዳክማል። የዛሬ ዘመን የመኪና ቆዳ ላዩ በስስ ፕላስቲክ መሰል ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ ቅባት ቢቀቡት ብዙም አይጠጣም። የሚያድነው ቅባት ሳይሆን ቶሎ ቶሎ በቀስታ መጽዳቱ ነው። የድሮው፣ ልባጡ ሳስቶ የተሰነጣጠቀው ቆዳ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቅባት ይጠማዋል።

ሦስተኛው ጥላ ነው። መስታወት የፀሐይን ጉዳት በሙሉ አያስቀርም፤ የፊት መስታወት መከለያ ካርቶን ከማንኛውም ውድ ቅባት ይበልጣል። አራተኛውን ጋሼ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፦ "መሪና ፔዳል ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር የሚቀባ ሰው እብድ ነው! እጁ ይንሸራተታል፣ እግሩ ይንሸራተታል፤ ንጹሕ ሆኖ ይሞታል።"

ከመጽሔት ክምር ሥር

እስካሁን ያወራነው እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። ከሁሉም የከበደን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሚጠበቀው ምኑ ነው?

ለብዙ ዓመታት መልሱ ግልጽ ነበር። የድሮ የስፖርት መኪና ስታገኙ ውስጡን ገፍፋችሁ ትጥላላችሁ፤ አዲስ ቆዳ፣ አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ ክር። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ይበልጥ ያብረቀርቃል። የውድድር ዳኞችም ሽልማቱን ለእሱ ይሰጡ ነበር።

በ2014 ሁለት የፓሪሱ አርትኩሪያል ጨረታ ቤት ባለሙያዎች ወደ ምዕራብ ፈረንሳይ ተጠሩ። የጭነት ማመላለሻ ባለሀብት የነበረው ሮዤ ባዮን ሙዚየም ሊከፍት አስቦ የሰበሰባቸው መኪኖች እዚያ ነበሩ። ሥራው በ1970ዎቹ ሲዳከም ከፊሎቹ ተሸጡ፤ ሌሎቹ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዛፍና ሐረግ እየወረሳቸው ቀሩ። ከመጽሔትና ከጋዜጣ ክምር ሥር የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ተገኘ። በአንድ ወቅት የተዋናዩ የአላን ደሎን መኪና ነበር።

የካቲት 6 ቀን 2015 ለጨረታ ቀረበ። ማንም አላደሰውም፣ አቧራው እንኳ በደንብ አልተራገፈም። 16.3 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተሸጠ።

ሰዎች ለአቧራው ነው የከፈሉት? አይደለም። ደሎን የተቀመጠበት ወንበር ያ ወንበር ስለሆነ ነው። አዲስ ቆዳ ቢለብስ ኖሮ የሚናገረው ስለ ባለፈው ሳምንት ሰፊ ነበር። ዛሬ እንደ ፔብል ቢች ያሉ ታላላቅ የመኪና ውድድሮች ላልታደሱ፣ እንደነበሩ ለተጠበቁ መኪኖች የተለየ ምድብ አላቸው። ገበያው የጋሼን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ሰማ፤ የሚያነብ ሰው ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር እንለይ፤ አለዚያ ስንፍናችንን "ታሪክ" ብለን ልንጠራው ነው። ቆሻሻና ልብሰት አንድ አይደሉም። አሸዋ፣ ላብ፣ ሻጋታ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፤ እየበሉ ነው። የሳሳው ቆዳ፣ የደበዘዘው የማርሽ እጀታ፣ ለስልሶ የቀረው ጠርዝ ግን ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ የቀረው ምስክርነታቸው ነው። ማጽዳት ማለት እየበላ ያለውን ማስቆም እንጂ የተመሰከረውን መፋቅ አይደለም። የባዮን መኪኖች ብዙዎቹ እኮ ከመዳን አልፈው ነበር፤ ዝናብና ዝገት ጨርሰዋቸዋል። መተው መጠበቅ አይደለም።

የተቃራኒውን ጥፋት ደግሞ አዲስ አበባ ላቫጆ ቤት ቁሙና እዩት። መኪናው ከተገዛ ሦስት ዓመቱ፤ የወንበሩ ላስቲክ ግን ዛሬም አልተገፈፈም። በሙቀት ይጮኻል፣ ላብ ያጠራቅማል፣ እርጥበቱን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል። ወንበሩን ለማን ነው የምናስቀምጠው? ለሚቀጥለው ገዢ። እሱም ላስቲኩን አይገፍፈውም። ወንበሩ አዲስ ሆኖ ያረጃል፤ ማንም ሳይቀመጥበት።

ጋሼ አሁን ማንኛውም መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ስልካቸውን አውጥተው የግራውን ክንፍ ፎቶ ያነሣሉ። ወለሉ ላይ ወረቀት ያነጥፋሉ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ይጠርጋሉ፣ መሃሉ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ያስገባሉ። መሥሪያ ቤቱም ፎቶውን ለሁሉም ሠራተኛ ደንብ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ በወንበር ጠርዝ ምክንያት የተቆረጠበት ሰው የለም ይላሉ።

የእሳቸው ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።